ጀርመን ሥራ ሞልቷል፤ የሚለየው ወረቀቱ ነው

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ፍራንክፈርት ዋናው ባቡር ጣቢያ ምድር ቤት ወርዳችሁ ቁሙ። ወደ ኤርፖርት የሚሄደው ኤስባን የሚባለው የከተማ ባቡር ሲመጣ ማን እንደሚሳፈር ተመልከቱ። ሻንጣ የያዘ መንገደኛ ጥቂት ነው። የሚበዛው የሥራ ጫማ ያደረገ፣ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ መስኮት የተደገፈ ሰው ነው። ትግርኛ ትሰማላችሁ። አማርኛ፣ ቱርክኛ፣ ሰርብኛ፣ አረብኛ ትሰማላችሁ። ጀርመንኛም አለ፤ ግን በዚያ ሰዓት የአናሳዎች ቋንቋ ነው። ኤርፖርቱ ወደ 80,000 ሰው የሚሠራበት ግቢ ነው። ሽንት ቤቱ መጠረግ፣ ሻንጣው መጫን፣ ሳንድዊቹ መታሸግ ያለበት ከመንጋቱ በፊት ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተመልሳችሁ እዚያው ቁሙ። ሌላ አገር የገባችሁ ይመስላችኋል። የተተኮሰ ሸሚዝ፣ የላፕቶፕ ቦርሳ፣ በእጅ የተያዘ ቡና። ወደ ባንኮቹ ፎቆች የሚሄደው ሰው ነው። ቢሮው ሲገባ ወለሉ ያበራል፤ ቆሻሻ መጣያው ባዶ ነው። ማን እንዳጸዳው አላየም፤ አያይም።

በመንግሥት ስታቲስቲክስ ግን ሁለቱም ባቡሮች ውስጥ ያለው ሰው አንድ ስም ነው ያለው፦ ሠራተኛ።

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ጀርመን ውስጥ ዛሬ ወደ 46 ሚሊዮን ሰው ሥራ ላይ ነው። በአገሪቱ ታሪክ ይህን ያህል ሰው ሠርቶ አያውቅም። የ2005ን ዓመት ለሚያስታውስ ሰው ይሄ ተአምር ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሥራ አጡ ከ5 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ጋዜጣው በሙሉ ጀርመንን «የአውሮፓ በሽተኛ» እያለ ይጠራት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሌሎች አገሮች ልምድ ለመቅሰም በርሊን ይመላለሱ ጀመር።

ታዲያ ሥራ እንዲህ ከሞላ፣ የጠዋቱና የሌሊቱ ባቡር ለምን አልተቀላቀሉም?

እዚህ አገር የምንኖር ሐበሾች «ወረቀት» የምንለው ነገር አለ። «ወረቀት አገኘ ወይ?» ስንል የመኖሪያ ፈቃድ ማለታችን ነው። እኔ ግን እየቆየሁ ስሄድ ቃሉ ሰፋብኝ። ጀርመን ውስጥ ሰውን ከሰው የሚለየው ወረቀት የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ አይደለም። የቅጥር ውሉ ዓይነት ወረቀት ነው። የግብር ምድብ ወረቀት ነው። የሙያ ሰርተፍኬት ወረቀት ነው። ልጅ በ10 ዓመቱ ከአስተማሪው የሚሰጠው ምክረ ሐሳብ እንኳ ወረቀት ነው። ሥራውን ማንም ሊያገኘው ይችላል። ሥራው ምን ያህል እንደሚከፍል፣ ቢታመም ምን እንደሚያገኝ፣ ሲጦር ምን እንደሚቀረው የሚወስነው ግን ወረቀቱ ነው።

ከውሉ እንጀምር።

በ2002 የቮልክስቫገን የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ የነበረው ፔተር ሃርትስ የሚመራው ኮሚሽን ለቻንስለር ጌርሃርድ ሽሮደር የማሻሻያ ሰነድ አቀረበ። ሽሮደር በማርች 2003 ፓርላማ ቆሞ «አጀንዳ 2010» ያለውን ዕቅድ አወጀ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሕጎች የሥራ ገበያውን ገለበጡት። ሥራ አጥ ሰው ለረጅም ጊዜ ይከፈለው የነበረው ድጎማ በ2005 ከማኅበራዊ እርዳታ ጋር ተዋሃደ። ሕዝቡ «ሃርትስ አራት» ብሎ ይጠራው የነበረው እሱ ነው። በኤጀንሲ በኩል ሠራተኛ መቅጠርን የሚገድበው ሕግ ላላ። ሚኒጆብ የሚባለው ውል ተስፋፋ።

ሚኒጆብ ሐሳቡ ቀላል ነው። በወር ከተወሰነ ብር በታች የሚከፍል ሥራ ከሆነ፣ ሠራተኛው ከደመወዙ ላይ የሚቆረጥበት ነገር የለም ማለት ይቻላል። የተባለው ሁሉ እጁ ይገባል። ጣሪያው ለብዙ ዓመት 450 ዩሮ ነበር። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 603 ዩሮ ነው። ለተማሪ አሪፍ ነው። ጡረታ ወጥቶ ቤት መቀመጥ ለሰለቸው ሰውም እንዲሁ። ችግሩ፣ ዛሬ ሚኒጆብ የሚሠራው ሰው ከ7 ሚሊዮን በላይ መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙው ተማሪም ጡረተኛም አይደለም። አብዛኛው ሴት ነው፤ ብዙዎቹም ሌላ ሥራ የላቸውም።

ሒሳቡን በቅርብ እንየው። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ 13 ዩሮ ከ90 ሳንቲም ነው። 603ን ለ13.90 አካፍሉት። በወር 43 ሰዓት ይመጣል፤ በሳምንት 10 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አሠሪዋ «ተጨማሪ ሰዓት ልስጥሽ?» ቢላት ወዲያው «አዎ» አትልም። ትንሽ ካለፈች የጡረታና የጤና ኢንሹራንስ መዋጮው ይጀምራል፤ ባሏ ጋር የተጠቃለለ ግብር ከከፈለች ደግሞ ያ ጭማሪ ብዙው ተበልቶ ይቀራል። ስለዚህ ከጣሪያው ሥር ጎንበስ ብላ ትቀመጣለች። ዘንድሮም፣ ከርሞም።

የሥራ አጥ ኢንሹራንስ ስለማትከፍል፣ ሥራው ሲቋረጥ የምታገኘው የለም። ይሄ በኮሮና ጊዜ በደንብ ታየ። ጀርመን በዓለም የታወቀች አንድ ዘዴ አላት፤ ኩርትስአርባይት ይባላል። ፋብሪካው ሥራ ሲያጣ ሠራተኛውን አያባርርም። ሰዓት ይቀንስለታል፤ ከጎደለው ደመወዝ ብዙውን መንግሥት ይሞላል። በኤፕሪል 2020 ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዚህ ዘዴ ሥራውን ይዞ ቆየ። እውነት ለመናገር ድንቅ ነገር ነው። የሚኒጆብ ሠራተኛ ግን አይመለከተውም። ምግብ ቤቱ ሲዘጋ ቋሚ አስተናጋጁ ከደመወዙ ብዙውን እያገኘ ቤቱ ተቀመጠ። ከጎኑ ሳህን ያመላልስ የነበረው የሚኒጆብ ልጅ በዚያው ቀረ። ሁለቱ አንድ ትሪ ነበር የሚሸከሙት።

በሕግ የሚኒጆብ ሠራተኛም ዓመት ፈቃድ አለው፤ ሲታመምም ይከፈለዋል። በተግባር ብዙ ሰው ይህን መብት አያውቅም። የሚያውቀውም «ሰዓቴን ይቀንሱብኛል» ብሎ ዝም ይላል።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ እንግባ፤ የግብር ምድብ ወደሚባለው ጉድ። ጀርመንኛው ሽቶየርክላሰ ነው። ያገባ ሁሉ ያውቀዋል። ባልና ሚስት ሁለቱም ሲሠሩ፣ ከመረጡ ብዙ የሚያገኘው «ሦስት» ይገባል፣ ትንሽ የሚያገኘው «አምስት» ይገባል። ማንኛውም ሰው በዓመት ከሚያገኘው ላይ ግብር የማይነካው ድርሻ አለው፤ በ2026 ይሄ 12,348 ዩሮ ነው። ሦስትና አምስት ሲመረጥ ግን የሁለቱም ድርሻ ወደ ሦስቱ ይሄዳል። አምስት ላይ ያለው ሰው ከመጀመሪያው ዩሮ ጀምሮ ይቆረጥበታል ማለት ይቻላል።

በአብዛኛው ሦስት ባል ነው፤ አምስት ሚስት ናት።

የማውቃት አንዲት እህት የደመወዝ ወረቀቷን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ «እስኪ አንተ የተማርክ ነህ፣ ይሄን አስረዳኝ፤ የጠቅላላውና የተጣራው ልዩነት ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አለችኝ። ባሏ ሶፋው ላይ ተቀምጦ «ምን ችግር አለው፣ ኪሱ አንድ ነው» አለ። አልተሳሳተም። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ሒሳቡ ለሁለቱ በአንድ ላይ ስለሚሠራ፣ እንደ ቤተሰብ የሚጎድልባቸው ነገር የለም። የሚጎድለው ሌላ ቦታ ነው። ብትወልድ የሚከፈላት የወላጅ ድጎማ የሚሰላው ከተጣራው ደመወዟ ነው። ሥራ ብታጣም ድጎማዋ የሚሰላው እዚያው ላይ ነው፤ ልጅ ከሌላት 60 በመቶው፣ ካላት 67 በመቶው። የተጣራው አንሶ የተጻፈው ለአንድ ቀላል ምክንያት ነው፤ የእሷ ነፃ ድርሻ ባሏ ወረቀት ላይ ተቀምጧል። ኪሱ አንድ ነው፤ ኢንሹራንሱ ግን ሁለት ነው።

ይሄ የባልና የሚስትን ገቢ ደምሮ ለሁለት ከፍሎ ግብር የማስላት አሠራር በ1958 የመጣ ነው። ያኔ የምዕራብ ጀርመን ሚስት ቤት ትውላለች ተብሎ ነበር የሚታሰበው። እስከ 1977 ድረስ ሕጉ ራሱ፣ ሚስት ውጭ ወጥታ መሥራት የምትችለው የቤትና የትዳር ግዴታዋን እስካላስታጎለ ድረስ ነው ይል ነበር። ሰባ ሰባት! ብዙ ሰው ይሄን ስነግረው «አውሮፓ ውስጥ?» ይለኛል። አዎ፣ አውሮፓ ውስጥ። ሕጉ ተሻረ፤ የግብሩ አሠራር ግን ቀረ። የቀድሞው ቻንስለር የኦላፍ ሾልትስ ጥምር መንግሥት ሦስትና አምስትን አስቀራለሁ ብሎ ነበር። በኖቬምበር 2024 መንግሥቱ ራሱ ፈረሰ።

ውጤቱ ሥራ ገበያው ላይ ይታያል። ጀርመን ውስጥ ከሚሠሩት ሴቶች ግማሽ ያህሉ የሙሉ ቀን ሥራ የላቸውም። ከወንዶች ግን እንዲህ ያለው ከ8 ሰው አንድ ያህል ነው። በ2024 ሴት በሰዓት የምታገኘው ከወንድ በአማካይ 16 በመቶ ያነሰ ነበር። «ሴቶች ዝቅተኛ ክፍያ ያለው ሙያ ስለሚመርጡ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እሺ። አንድ ዓይነት ሥራ፣ አንድ ዓይነት ትምህርት፣ አንድ ዓይነት ልምድ ያላቸውን ብቻ ብናወዳድርስ? ያኔም 6 በመቶ ይቀራል። ደግሞም «መረጡ» የሚለው ቃል ለእኔ አይዋጥልኝም። መዋለ ሕፃናቱ በ8 ሰዓት ልጁን ውሰጂ የሚላት እናት ምን መረጠች?

እዚህ ላይ ምሥራቁን ማንሳት አለብኝ፤ ነገሩ የሚገርመው እዚያ ነው። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን አካባቢ የሴትና የወንድ የክፍያ ልዩነት 5 በመቶ ብቻ ነው። ምዕራቡ 17 ነው። በሶሻሊስቱ ዘመን እዚያ ሴት መሥራቷ እንደ ደንብ ነበር። ሕፃናት ማቆያ በየሰፈሩ ነበር፤ ብዙው ዛሬም አለ። በምዕራቡ ግን ልጁ አንድ ዓመት ሲሞላው ማቆያ የማግኘት ሕጋዊ መብት ሥራ ላይ የዋለው በ2013 ነው። ቦታ ማግኘቱ ሌላ ታሪክ ነው።

ግን ምሥራቁን ለማመስገን አትቸኩሉ። ልዩነቱ ጠባብ የሆነው አንድም የወንዱ ደመወዝ ራሱ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው። እኩልነት ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ይመጣል። ከ1990 ውሕደት በኋላ የምሥራቁ ፋብሪካዎች በገፍ ተሸጡ፣ ተዘጉ። በ2005 እዚያ ከ5 ሠራተኛ አንድ ያህል ሥራ አልነበረውም። ወጣቱ፣ በተለይ ወጣት ሴቷ፣ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ምዕራብ ሄደች። ዛሬ ሥራ አጥነቱ በጣም ቀንሷል። ድንበሩ ግን ወረቀት ላይ አለ። በብረታ ብረትና መኪና ዘርፍ የምዕራቡ ሠራተኛ በሳምንት 35 ሰዓት መሥራት ከጀመረ ከ1995 ወዲህ ነው። በምሥራቁ የኅብረት ስምምነት ላይ የተጻፈው 38 ነው። የሠራተኛ ማኅበሩ በ2003 ይሄን ለማስተካከል አድማ መትቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። በየድርጅቱ እየተነጋገሩ የመቀነሱ በር የተከፈተው በ2021 ነው።

የኅብረት ስምምነት ስል፣ ይሄም አንድ ወረቀት ነው። የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪዎች ተፈራርመው የደመወዝ እርከን የሚያወጡበት ነው። ድሮ አብዛኛው ሠራተኛ በዚህ ጥላ ሥር ነበር። ዛሬ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው የቀረው። ሌላው ከአሠሪው ጋር ለብቻው ነው የሚደራደረው። ቋንቋው ያልጠነከረ ሰው ደግሞ ድርድር የሚባል ነገር የለውም፤ የተሰጠውን ፈርሞ ይወጣል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የተሻሻለም ነገር አለ። ጀርመን እስከ 2015 ድረስ በአገር አቀፍ ደረጃ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ የሚባል ሕግ አልነበራትም። በዚያ ዓመት በ8 ዩሮ ከ50 ሲጀመር ብዙ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች «በመቶ ሺዎች ሥራ ያጣሉ» ብለው ነበር። አላጡም። በኦክቶበር 2022 ወደ 12 ዩሮ ዘለለ። በዝቅተኛ ክፍያ የሚሠራው ሰው ድርሻ በ2014 ከነበረበት 21 በመቶ፣ በ2024 ወደ 16 በመቶ ወረደ። ምሥራቁ ላይ ደግሞ ከ35 ወደ 18። እንዲህ ያለ ለውጥ በአሥር ዓመት ማየት ቀላል አይደለም። ከሌሊቱ ባቡር ተሳፋሪዎች ለብዙዎቹ፣ ከየትኛውም የፖለቲካ ንግግር በላይ ሕይወታቸውን የነካው ይሄ ሕግ ነው።

ወደ ትልቁ ወረቀት እንምጣ፤ የሙያ ሰርተፍኬቱ። አውስቢልዱንግ ይሉታል። ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል የሚወስድ ሥልጠና ነው። ተማሪው በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት፣ የቀረውን ቀን ድርጅት ውስጥ እየሠራ ይማራል። እየተከፈለውም ነው። ከ300 በላይ ሙያዎች በዚህ መንገድ ይሰጣሉ፤ ከዳቦ ጋጋሪ እስከ ባንክ ሠራተኛ። እኛ አገር ልጅ ዩኒቨርሲቲ ካልገባ እንደወደቀ ነው የሚታየው። እዚህ ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ከብዙ ባለዲግሪ የተሻለ ይኖራል። ብዙ ሐበሻ ወላጅ ይሄን ለመቀበል ዓመታት ይፈጅበታል።

ግን አንድ ነገር አለ። ሰርተፍኬቱ የሌለው ሰው በሩ ላይ ይቆማል። የሙያ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች የሥራ አጥነት መጠን ወደ 20 በመቶ ነው። ሥልጠና ያጠናቀቁት 3 በመቶ አካባቢ ነው። አንድ አገር፣ አንድ ኢኮኖሚ፣ ስድስት እጥፍ ልዩነት። ከ20 እስከ 34 ዓመት ካለው ወጣት ውስጥ ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚሆነው ይህ ወረቀት የለውም። አሠሪው «ሰው አጣሁ» እያለ ያለቅሳል፤ ወጣቱ «ሥራ አጣሁ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

መለያየቱ የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። በአብዛኞቹ ክፍላተ ሀገራት ልጆች አራተኛ ክፍል ሲጨርሱ፣ በ10 ዓመታቸው ማለት ነው፣ ወደ ተለያየ ትምህርት ቤት ይመደባሉ። ጂምናዚየም የገባው ወደ ዩኒቨርሲቲ መንገድ ያዘ። ሀውፕትሹለ የገባው ከዘጠነኛ ወይም ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ሥልጠና ፍለጋ ይወጣል። መንገዱን መቀየር ይቻላል፤ ግን ወደ ላይ መውጣት ከመውረድ ይከብዳል። ቤቱ ውስጥ ጀርመንኛ የማይነገርለት ልጅ በ10 ዓመቱ ምን ያህል ብልህ መሆኑን የሚያሳይበት ቋንቋ ገና በእጁ ላይኖር ይችላል። አባትየው የወላጅ ስብሰባ ላይ ተጠርቶ፣ አስተማሪዋ በትሕትና «ለልጅዎ የሚስማማው ይሄ ነው» ስትለው አመስግኖ ይወጣል። ምን እንደተወሰነ የሚገባው ከዓመታት በኋላ ነው።

ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቶስ? ያኔ ደግሞ ስም አለ።

የኦስትሪያዋ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ዶሪስ ቫይክሰልባውመር በ2016 ያወጣችው ጥናት ከአእምሮዬ አይወጣም። ወደ ጀርመን ድርጅቶች ወደ 1,500 የሚጠጉ የሥራ ማመልከቻዎች ላከች። አመልካቾቹ በፈጠራ የተሠሩ ናቸው፤ ትምህርትና ልምዳቸው እኩል ነው። ፎቶው ላይ ያለችውም አንዲት ሴት ናት፤ ጀርመን ውስጥ ማመልከቻ ላይ ፎቶ መለጠፍ የተለመደ ነው። ዛንድራ ባወር የሚል የጀርመን ስም ሲጻፍበት 18.8 በመቶው ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። መርየም ኦዝቱርክ ሲሆን ወደ 13.5 ወረደ። ያችው መርየም ሻሽ ስታስር 4.2። ፊቱ አንድ ነው። አንዲት ጨርቅ ናት የተጨመረችው።

የእኛ ልጆችስ? ገብረመድኅንና ወይንሸት የሚል ስም ይዘው ነው የሚያመለክቱት። ፎቶ መለጠፍ ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን ካልለጠፈ የሚያስጠረጥር ይመስለዋል። ቢለጥፍም ባይለጥፍም ስሙ አለ።

እንግዲህ አዲስ መጪዎቹ ጋ ደረስን። በ2015 ወደ 890,000 ጥገኝነት ጠያቂ ጀርመን ሲገባ «እነዚህ ሰዎች መቼም አይሠሩም» ያለው ብዙ ነበር። የፌዴራሉ የቅጥር ምርምር ተቋም ሰዎቹን ለዓመታት ተከታትሏል። በ2024 መጨረሻ ላይ፣ በዚያ ዓመት ከገቡት ውስጥ 64 በመቶው ሥራ ላይ ነበር። አጠቃላይ ሕዝቡ 70 ነው። ልዩነቱ ከተጠበቀው በጣም ያነሰ ነው። ታዲያ ቁጥሩን ስትከፍሉት ሌላ ነገር ይወጣል፤ ወንዶቹ 76፣ ሴቶቹ 35። እንደገና ሴቷ ጋ ተመለስን። ማቆያ ያላገኘች እናት የቋንቋ ትምህርት አትገባም። ቋንቋ ካልተማረች ሥልጠና የለም። ሥልጠና ከሌለ የሌሊቱ ባቡር አለ።

የሐበሻውን ነገር ካነሳን፣ እዚህም ወረቀት ይለያያል። ኤርትራውያን በአብዛኛው ጥገኝነቱን አገኙ፤ ቶሎ ሥራ መያዝ ቻሉ። ከኢትዮጵያውያን ብዙው ተከልክሎ ዱልዱንግ የሚባለውን ይዞ ቀረ። ዱልዱንግ ፈቃድ አይደለም፤ «ለጊዜው አናባርርህም» የሚል ወረቀት ነው። በየጥቂት ወሩ ይታደሳል። ሥራ ለመሥራት ከውጭ ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ለብቻው ፈቃድ ያስፈልጋል። አንድ አሠሪ በሦስት ወር የሚያልቅ ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ለምን ይቀጥራል? ይልቅ ኤጀንሲ ይቀጥረዋል፤ መጋዘን ዕቃ የሚያመላልስ፣ በሳምንት የሚላክና የሚመለስ። በ2022 መጨረሻ ቢያንስ 5 ዓመት በዚህ ሁኔታ የቆዩ ሰዎች የ18 ወር ዕድል የሚያገኙበት ሕግ ወጣ። በ18 ወር ውስጥ ሥራ፣ ቋንቋና ፓስፖርት ማሟላት ነበረባቸው። ብዙ ወገኖቻችን በዚያ በር ገብተዋል። ፓስፖርቱ ላይ ግን የተንገላቱ አሉ።

አሁን ደግሞ ወቅቱ ከበድ ብሏል። የጀርመን ኢኮኖሚ በ2023ም በ2024ም ወደ ኋላ ነው የሄደው። ሥራ አጡ በኦገስት 2025 ከ10 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ3 ሚሊዮን አለፈ። ቮልክስቫገን በ2024 መጨረሻ ከማኅበሩ ጋር ተስማምቶ እስከ 2030 ከ35,000 በላይ የሥራ ቦታ እንደሚቀንስ ይፋ አደረገ። ዜናው አገሩን አናወጠው። ዝርዝሩን ስታዩ ግን በግድ የሚባረር የለም፤ በጡረታና በፈቃድ በሚወጡ ሰዎች ነው የሚቀነሰው። የማኅበር ጥላ ማለት ይሄ ነው። ለዚያው ፋብሪካ ዕቃ በሚያቀርበው ትንሽ ድርጅት ውስጥ በኤጀንሲ የሚሠራው ሰው ዜና አይሆንም። ሰኞ «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ይባላል፤ አለቀ።

በሌላ በኩል ሰው ያለቀባቸው ዘርፎች አሉ። ጀርመን ውስጥ በ1964 ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሕፃን ተወልዷል። ያን ያህል ልጅ ከዚያ ወዲህ በአንድ ዓመት ተወልዶ አያውቅም። እነዚያ ሕፃናት በ2031 67 ዓመት ይሞላቸዋል፤ ጡረታ ይወጣሉ። የቅጥር ምርምር ተቋሙ ሥራ ገበያው ባለበት እንዲቆይ በዓመት ከወጪው በላይ 400,000 ገቢ ሰው ያስፈልጋል ብሎ አስልቷል። ለዚህ ነው ከ2024 ጀምሮ «የዕድል ካርድ» የሚባለው ቪዛ የመጣው። ነጥብ ተቆጥሮ ሥራ ፈላጊው ለአንድ ዓመት እንዲገባ ይፈቅዳል። ቲክቶክ ላይ በአማርኛ ስለ እሱ የሚነገረውን ብትሰሙ ሎተሪ ይመስላችኋል። አንዳንዱ ደላላ የማይነግረው፣ ለአንድ ዓመት መኖሪያ በወር ከ1,000 ዩሮ በላይ በዝግ አካውንት ማሳየት ወይም በሌላ መንገድ ማረጋገጥ እንደሚጠይቅ ነው። አዲስ አበባ ላለ ነርስ ይሄ የስንት ዓመት ደመወዝ ነው?

ነርስ ካልን፣ የማውቃት አንዲት ልጅ አለች። አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ለዓመታት የሠራች ነርስ ናት። እዚህ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በረዳትነት ነው የምትሠራው። ስኳር ትለካለች፣ ቁስል ታያለች፣ ሌሊት ሽማግሌው ሲያጥረው ትንፋሹን የምታዳምጠው እሷ ናት። መርፌውን መውጋት ግን አይፈቀድላትም፤ ባለሙያዋን ትጠራለች። ባለሙያዋ ከእሷ በ10 ዓመት ታንሳለች፤ አንዳንዴ «አንቺ ምን ትያለሽ?» ብላ ትጠይቃታለች። በጁላይ 2025 በእንክብካቤ ዘርፍ ለረዳት ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 16 ዩሮ ከ10 ሆነ፤ ለባለሙያ 20 ዩሮ ከ50። ልዩነቱ በሰዓት 4 ዩሮ ከ40 ነው። ሙሉ ወር ስትሠራ ከ700 ዩሮ ያልፋል።

የውጭ ትምህርት እንዲታወቅ የሚያደርግ ሕግ ከ2012 ጀምሮ አለ። እሷም አመልክታለች። ዲፕሎማው በቃለ መሐላ ተርጓሚ ተተረጎመ። የተማረችው እያንዳንዱ ኮርስ በሰዓት ተቆጥሮ ከጀርመኑ ጋር ይነጻጸራል። የጎደለ ከተገኘ ወይ ፈተና ትወስዳለች ወይ ማሟያ ሥልጠና ትገባለች። ጀርመንኛዋ ቢ2 የሚባለው የቋንቋ ደረጃ ደርሷል። ከአዲስ አበባ አንድ የኮርስ ዝርዝር ማኅተም ሳይኖረው ስለመጣ ተመልሶ ተልኳል።

የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ጠዋት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ መጀመሪያ የምትከፍተው የፖስታ ሳጥኑን ነው። ባለፈው ስንገናኝ ሳጥኑ ውስጥ የነበረው የፒዛ ቤት ማስታወቂያ ነው።